ኅዳር 14 ማርች 14 ሲሆን

ዳታ ኢንተግሬሽን የምትሠሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይቺ በዋናነት ለእናንተ ናት። ሌሎቻችሁም ታሪኩን ብላችሁ ተከታተሉኝ፤ ረዘም ይላል።

በ1966 ዓ.ም. ሁለት የአይቢኤም ተመራማሪዎች፣ ዶናልድ ቻምበርሊን እና ሬይመንድ ቦይስ፣ ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ በጽሑፍ አስተዋወቁ። ዛሬ ኤስ ኪው ኤል የምንለው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 21 እኛ ዘንድ ደርግ ተቋቋመ። ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ደርግ ገድሎ ዝም የሚል መንግሥት አልነበረም፤ ይጽፍ ነበር። ቃለ ጉባኤ፣ ትእዛዝ፣ የስም ዝርዝር፣ ማኅተም፣ ግልባጭ። ሲወድቅ ወረቀቱ ቢሮ ውስጥ ቀረ።

በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት፣ በግርማ ዋቅጅራ መሪነት፣ ከ300 ሺህ ገጽ በላይ ሰነድ ሰበሰበ፤ በለጋሽ አገሮች እርዳታም መረጃውን በኮምፒዩተር ማደራጀት ጀመረ። ችሎቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1989 ዓ.ም. የተከሳሾቹ ቁጥር 5,198 ደርሶ ነበር፤ 2,246ቱ በእስር ላይ፣ 2,952ቱ በሌሉበት። እስቲ አስቡት። አንድ የቀበሌ ደብዳቤ፣ አንድ የእስር ቤት ዝርዝር፣ አንድ ከላይ የመጣ ትእዛዝ። ሦስቱን አገናኝቶ «ይህን ሰው ማን አሰረው፣ ማን ፈረመበት?» ብሎ መጠየቅ ነው ሥራው። እናንተ ጆይን የምትሉት ነገር ማለት ነው።

መጀመሪያ ቃሉን ማወቅ ያስፈልጋል። እነዚያ ሰነዶች ውስጥ «ግድያ» ብሎ የፈለገ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የተጻፈው «አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል» ተብሎ ነውና። ጥያቄው ትክክል፣ ሲስተሙ ጤነኛ፣ መልሱ ዜሮ። ዜሮውን አምኖ የሄደ ማንም ሰው አልሞተም ይላል።

ከዚያ ስም አለ። የአንደኛ ተከሳሹን ስም እንውሰድ፣ መንግሥቱ ኃይለማርያም። «መንግሥቱ» በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ይጻፋል፣ 2። የ«ኃይለ» መነሻ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፣ 6። ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው፣ ተለያይተው ወይም በሕዝባር «ኃ/ማርያም» ተብለው ይጻፋሉ፣ 3። «ማርያም» ወይም «ማሪያም»፣ 2። አባዙት፣ 72 ይመጣል። ለጆሯችን አንድ ሰው ነው፤ ለዳታቤዙ 72 ሰው። በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ገና በ1992 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በተለያዩ የፎንት ሶፍትዌሮች የተመዘገበው ስም ሳይቀየር ቢመጣ ጭራሽ የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው በአንቀጽ 32 ደንግጎ ነበር። ማን ሰማው? እኛ በራሳችንና በአባታችን ስም ቀጠልን፣ ሲቸግር አያት እንጨምራለን።

እዚህ ላይ ነው ኮንፊገሬሽኑ ሰው የሚጎዳው። በማይክሮሶፍቱ ኢንተግሬሽን ሰርቪስስ የኩዌሪ ታስክ ስታዘጋጁ መልሱ በምን መልክ እንደሚመጣ ትመርጣላችሁ። «ሲንግል ሮው» ካላችሁት፣ ምንም ሳያገኝ ሲቀር በስሕተት ይቆማል። ጥሩ ነው፣ ጮኸ ማለት ነው። ሁለት ካገኘ ግን የመጀመሪያውን ይዞ ጸጥ ብሎ ያልፋል። ሁለት አበበ ከበደ ካሉ አንደኛው ለሌላው ይቆጠራል። ለእኔ ከመቆሙ ይልቅ ማለፉ ነው የሚያስፈራኝ።

ቀኑም እንደዚያው። ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት የተገደሉት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። መዝገብ ላይ 14/03/1967 ተብሎ ይጻፋል። የፈረንጅ ካሌንደር ብቻ የሚያውቅ የዴት ዓምድ ውስጥ ስታስገቡት ያለ ምንም ተቃውሞ ይቀበለዋል፣ ማርች 14፣ 1967 ብሎ። ግድያው ከተፈጸመበት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት፣ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ሳሉ! ጳጉሜን ከሆነ 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ ይመልሰዋል፤ ጥቅምት 30ንም ፌብሩዋሪ 30 መስሎት ይመልሰዋል። ብዙዎቻችሁ የተመለሱትን ብቻ አስተካክላችሁ ሥራው አለቀ ትላላችሁ። ያልተመለሱት ናቸው የተበላሹት። ቀኑን መጀመሪያ እንደ ጽሑፍ አውጡት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በሌላ ዓምድ ያዙ፣ ከዚያ ቀይሩት። ስሙንም የመጀመሪያውን አጻጻፍ አትንኩ፤ ሞክሼ ፊደላቱን አንድ ያደረገ ቅጂ አጠገቡ አስቀምጡና ማመሳከሩን በእሱ አድርጉ። መልሱን ደግሞ ሙሉ ረድፉን አምጡት፣ ከአንድ በላይ ሲሆን ሰው ይየው።

ከርቸሌ ፈርሶ ቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሆነ፤ እስረኛው ወደ ቃሊቲ ተዛወረ፣ የደርግ ባለሥልጣናትም ጭምር። ሰው ሲዛወር መዝገቡም አብሮ ይዛወራል። ቃሊቲ የሚገባ ሰው ደግሞ በአንድ መዝገብ አይገባም። ፖሊስ የምርመራ መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ዐቃቤ ሕግ የራሱን፣ ፍርድ ቤት የራሱን፣ ማረሚያ ቤቱ የራሱን። ቁጥሮቹ ካልተያያዙ ወደ ስም እንመለሳለን። የፍርድ ቤቱ የመፍቻ ትእዛዝ በ«ፀሐይ» መጥቶ መዝገቡ «ጸሀይ» ቢል፣ በር ላይ ያለው ሰው ሁለቱን አይቶ ይስቅና ያልፋል፤ ዓይን አለዋ። ማሽኑ ግን «አልተገኘም» ነው የሚለው። ያቺ «አልተገኘም» በግቢው ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ልትሆን ትችላለች። ስንቅ ይዛ በር ላይ የቆመች እናት ደግሞ ስለ ዩኒኮድ ምን ታውቃለች?

አሁን ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ ቁጥር መጥቷል፤ አዋጁ የ2015 ነው። አራቱም ተቋማት መዝገባቸው ላይ ከያዙት በሕይወት ላለ ሰው ብዙውን ነገር ያቃልላል። በ1970 ዓ.ም. በታይፕ የተመታ ዝርዝር ላይ ግን ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌና «እርምጃ» የምትል ቃል ብቻ ነው ያለው። ያንን ዝርዝር የምትጠይቁ ከእናንተ መካከል አትጠፉም።