ኔሮን ቄሣር በታሪክ ሸንጎ ፊት

የኔሮን ቄሣር ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ሐምሌ 5 ቀን የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ የሰማዕትነት በዓል ሲከበር የዚህ ንጉሥ ስም ይነሣል። በታሪክ ክፍለ ጊዜም ስለ ሮማ መንግሥት ስንማር ከቄሣሮቹ ሁሉ ይልቅ በአእምሮአችን የቀረው ይኸው ሰው ነው፤ ሮማ በእሳት ስትጋይ እሱ እየተጫወተ ይዘፍን ነበረ ሲባል ሰምተናልና። ነገር ግን ይህ የሚባለው ሁሉ እውነት ነውን? አንድ ሰው ጨካኝ ስለ ሆነስ ማንም የወደደውን ክፉ ነገር ሊጭንበት ይገባልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ኔሮን የሠራውን ካልተረጋገጠበት ለይተን ለመመርመር እንሞክራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኔሮን በ37 ዓ. ም. አንጥዩም በምትባል ከተማ ተወለደ። እናቱ አግሪጲና ብልህና ሥልጣን ወዳድ ሴት ነበረች። ቄሣር ቀላውዴዎስን አግብታ ልጅዋን እንደ ልጁ አድርጎ እንዲቀበለው አደረገች፤ በዚህም ምክንያት የቄሣሩ የገዛ ልጅ ብሪታኒኩስ ወደ ኋላ ቀረ። ቀላውዴዎስ በ54 ዓ. ም. በሞተ ጊዜ ኔሮን ገና 17 ዓመት ሳይሞላው ነገሠ። ይህም ማለት ከብዙዎቻችን ዕድሜ ባነሰ ጊዜ ያን የሚያህል መንግሥት በእጁ ገባ ማለት ነው።

ኔሮን ከመጀመሪያው ክፉ አልነበረም። ፈላስፋው ሴኔካና የዘበኞቹ አለቃ ቡሩስ እያማከሩት አምስት ዓመት ያህል መንግሥቱ በደኅና ተመራ። እንዲያውም አንድ ጊዜ የሞት ፍርድ እንዲፈርም ቢያቀርቡለት መጻፍ በመማሩ ተጸጸተ ይባላል። ሴኔካም እንደ ጻፈው የዓባይን ምንጭ ፈልገው እንዲያገኙ ወታደሮች ልኮ ነበር፤ እነሱም ከግብፅ ወደ ደቡብ ብዙ ተጉዘው መጨረሻው የማይታወቅ ረግረግ ስለ ገጠማቸው ተመለሱ። ቅዱስ ጳውሎስ በቂሣርያ ታስሮ ሳለ ይግባኝ ያለበት ቄሣርም ይኸው ኔሮን ነበረ።

ነገር ግን ሥልጣን ከልካይ ሲያጣ ምን እንደሚሆን የኔሮን ታሪክ በግልጥ ያሳያል። በ55 ዓ. ም. ብሪታኒኩስ በግብዣ ላይ ሳለ በድንገት ሞተ፤ የጥንት ጸሐፊዎችም በመርዝ ያስገደለው ኔሮን ነው ይላሉ። በ59 ዓ. ም. እናቱን ለማጥፋት በባሕር ላይ የሚፈርስ መርከብ አሠርቶ አሳፈራት፤ እርስዋ ግን ዋኝታ ብታመልጥ ወታደሮች ልኮ በቤትዋ አስገደላት። በ62 ዓ. ም. ቡሩስ ሞተ፤ ሴኔካም ከአማካሪነቱ ገለል አለ። በዚያው ዓመት ሚስቱን ኦክታቪያን ፈትቶ ወደ ደሴት ካጋዛት በኋላ አስገደላት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የታላላቆቹ ሰዎች ጠባይ ነው። ኔሮን እናቱን በገደለ ጊዜ ሴኔት የሚባለው የሮማ ሸንጎ በመገሠጽ ፈንታ ለአማልክት ምስጋና እንዲቀርብ ወሰነ። ትራሴያ የተባለ አንድ የሸንጎ አባል ግን ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወጣ። ይህ ሰው በ66 ዓ. ም. ሞት ተፈረደበት። እንግዲህ ጨካኝ ገዢ ብቻውን አይሠራም፤ የሚያጨበጭቡለትም ሰዎች የሥራው ተካፋዮች ናቸው።

በ64 ዓ. ም. ጁላይ 18 ለ19 አጥቢያ፥ በታላቁ የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ አጠገብ ካሉት ሱቆች እሳት ተነሣ። መንገዶቹ ጠባቦች፥ ቤቶቹም የተጠጋጉ ስለ ነበሩ ስድስት ቀን ነደደ፤ ጠፋ ሲባልም እንደገና ተነሣ። ከሮማ ከተማ 14 ክፍሎች 3ቱ ፈጽመው ወደሙ፤ 7ቱ ክፉኛ ተጐዱ፤ ደኅና የቀሩት 4 ብቻ ነበሩ። እሳቱ ሲነሣ ኔሮን በአንጥዩም ነበረ። ወደ ሮማ ተመልሶም ቤት ለጠፋባቸው ሰዎች የራሱን የአትክልት ስፍራ ከፈተ፤ መጠለያ አሠራ፤ የእህልንም ዋጋ ዝቅ አደረገ። ከተማይቱ ስትታደስ መንገዶቹ ሰፊ፥ የቤቶቹም ቁመት የተወሰነ እንዲሆን አዘዘ። ሆኖም በተቃጠለው ስፍራ የወርቅ ቤት የተባለውን እጅግ ሰፊ ቤተ መንግሥት ለራሱ ማሠራት ጀመረ። እሳቱን ያስነሣው እሱ ራሱ ነው የሚለውም ሐሜት በረታ።

ኔሮን ሐሜቱን ከራሱ ለማራቅ ሌላ በደለኛ ፈለገ፤ ጥቂትና የተጠሉ የነበሩትንም ክርስቲያኖች አገኘ። ታኪቱስ የሚባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው አንዳንዶቹ የአውሬ ቆዳ ለብሰው በውሾች ተበሉ፤ አንዳንዶቹ ተሰቀሉ፤ ሌሎቹም በመሸ ጊዜ እንደ መብራት ተቃጠሉ። ታኪቱስ ክርስቲያኖችን የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሕዝቡ እንዳዘነላቸው አልሸሸገም። ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ጳውሎስም በዚሁ ዘመን በሮማ ሰማዕት መሆናቸው በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነገራል።

እንግዲህ ሮማን ያቃጠለው በእርግጥ ኔሮን ነውን? ታኪቱስ በቃጠሎው ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረ፤ እሳቱ በድንገት ይነሣ ወይም በኔሮን ተንኰል፥ ጸሐፊዎች እንዳልተስማሙ ይገልጣል። ስዌቶኒዩስና ካሲዩስ ዲዮን ግን ያለ ጥርጥር ይፈርዱበታል፤ ነገር ግን ስዌቶኒዩስ የተወለደው ከቃጠሎው በኋላ ነው፤ ዲዮንም የጻፈው 150 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። አይሁዳዊው ዮሴፉስ ደግሞ ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ ስለ ተጠቀሙ እንዳመሰገኑት፥ ሌሎቹም ስለ ጠሉት እንደ ዋሹበት ያስጠነቅቀናል። ቫዮሊን ይመታ ነበረ የሚለው ተረት ፈጽሞ ሊሆን አይችልም፤ ቫዮሊን የተሠራው በ16ኛው መቶ ዓመት ነውና። ኔሮን የሚመታው ከእኛ ክራር ወገን የሆነ ኪታራ የሚባል መሣሪያ ነበረ። በቃጠሎው ጊዜ ዘፈነ የሚለውንም ነገር ታኪቱስ የሚያቀርበው እንደ ወሬ ብቻ ነው።

ይህ ክስ ቢቀርለት ግን ኔሮን ጻድቅ አይሆንም። በ65 ዓ. ም. ሊገድሉት የዶለቱ ሰዎች ሲያዙ የቀድሞ መምህሩ ሴኔካ ራሱን እንዲገድል ታዘዘ። ከዚህ በኋላ ኔሮን ወደ ግሪክ ሄዶ በዘፈንና በሠረገላ ውድድር ተካፈለ፤ በኦሊምፒያ ከሠረገላ ወድቆ ውድድሩን ሳይጨርስ አሸናፊ ተብሎ አክሊል ተቀበለ። በ68 ዓ. ም. ግን በጋልያና በእስፓንያ ያሉት ገዢዎች ተነሡበት፤ ዘበኞቹ ከዱት፤ ሲያመሰግነው የኖረውም ሸንጎ የአገር ጠላት ነው ብሎ ፈረደበት። ከሮማ ውጭ ተሸሽጎ ሳለ በ30 ዓመቱ ራሱን ገደለ። በመቃብሩ ላይ ለብዙ ዘመን አበባ የሚያኖሩ ሰዎች እንደ ነበሩም ስዌቶኒዩስ ራሱ ጽፎአል።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። የኔሮን ታላቁ ኃጢአት ንጹሓን ሰዎችን ያለ ማስረጃ በወሬ መፍረዱ ነው። እኛም ባልተረጋገጠ ነገር ብንፈርድበት የነቀፍነውን ሥራ ራሳችን መሥራታችን ነው። እናቱንና ሚስቱን ማስገደሉ፥ ንጹሓንንም ማቃጠሉ ለመወቀሱ ይበቃል፤ ሐሰት መጨመር አያስፈልገውም። ሐሰት የተቀላቀለበት ክስ እውነተኛውንም በደል አጠራጣሪ ያደርገዋል።

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በምናከብርበት በዚህ ዓመት እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ወደ ልዩ ልዩ ሥራ ልንሠማራ ተዘጋጅተናል። ከመካከላችን ዳኛ፥ መምህር፥ ጸሐፊ የሚሆን አይጠፋም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ንጋት ግን ያለ እኛ ድካም ይመጣል፤ እውነት የሚጠራው መርማሪ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ለወዳጅም ሆነ ለጠላት፥ ለሕያውም ሆነ ለሙት፥ ሳንመረምር እንዳንፈርድ ከአሁኑ እንልመድ።