የሥዕሉ ዋጋ

ለንደን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ መካነ ሰላም ላለው አጎታችን አንድ በመስታወት የተለበጠ ሥዕል ላከለት። መቅደላ ናት፤ ገደሉ፣ ድንኳኑ፣ ጭሱ። ታች ጥጉ ላይ ፊርማ አለበት። ከደሴ ተነሥቼ በጉጉፍቱ፣ በአቀስታ አድርጌ የሄድኩ ዕለት አጎቴ ሥዕሉን አወረደና፣ “አንተ የተማርክ ነህ፤ ፊርማ ያለበት የጥንት ሥዕል ስንት ያወጣል?” አለኝ።

ጥያቄው የጨዋታ አልነበረም። ልጁ ኮሌጅ ገብታ ክፍያ ደርሶባታል። አንድ ነጋዴ ደግሞ አጎቴ ከአባቱ የወረሰውን የብራና ዳዊት ለመግዛት ይመላለሳል። ሥዕሉ ዋጋ ካወጣ ዳዊቱ ይተርፋል፤ ካላወጣ ግን...

አጉሊ መነጽር ይዤ ተቀመጥኩ። የዛሬ ዘመን ቅጂ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣቦች ተሠርቶ ይታይ ነበር። ይሄ ግን መስመር በመስመር ነው። መሐል ለመሐል ቀጭን ነጭ ሰረዝ ያቋርጠዋል። ከክፈፉ ሳወጣው ጀርባው በእንግሊዝኛ የጋዜጣ ጽሑፍ ተሞልቷል። ነገሩ ገባኝ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት “ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ” የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ዊልያም ሲምሰን የሚባል ሠዓሊ ልኮ ነበር። ንድፉ ለንደን ሲደርስ በተገጣጠሙ ጠንካራ የእንጨት ገበታዎች ላይ ይቀረጽና ይታተማል። ነጩ ሰረዝ የገበታዎቹ መጋጠሚያ ነው። ፊርማውም አብሮ የተቀረጸ እንጂ ሰው በእጁ የፈረመው አይደለም። ሠዓሊ በእያንዳንዱ የኅትመት ቅጂ ግርጌ በእርሳስ መፈረም የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለሙንም ቢሆን ሌላ ሰው ቆይቶ የቀባው ነው፤ ጋዜጣው የወጣው በጥቁርና ነጭ ነበር።

ታዲያ ዋጋው? ሐሰተኛ አይደለም፤ ግን በብዙ ሺህ የታተመ የጋዜጣ ገጽ ነው። እንዲህ ያለው ለንደን ውስጥ ብዙውን ጊዜ መቶ ፓውንድ እንኳ አይሞላም።

አጎቴ ዝም አለ። እኔ ግን በሥዕሉ ላይ ስላልታየው ነገር አወራሁለት። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የመቅደላ መድኃኔዓለም ንብረት ተዘረፈ። ዕቃው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ለወታደሮቹ ተከፋፈለ፤ ለአንዱ አራት ዶላር ቢደርሰው ነው። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆልምስ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር የገዛው በአራት ፓውንድ ነበር። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍትም ሙዚየሙ ገቡ። ወታደሩ የያዘውን አያውቅም፤ ሆልምስ ያውቃል። ሁልጊዜም በርካሽ የሚሸጠው ያላወቀው ነው።

ለማስመለስ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። በ2013 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ከመቅደላ የሄዱ ዕቃዎች ለጨረታ ቀርበው ነበር። ኢትዮጵያ ተቃወመችና ከጨረታው ወጡ፤ ሸህራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ገዝቶ መለሰልን። ተዘርፎብን የሄደው በገንዘብ ተገዝቶ መጣ ማለት ነው።

“እንግዲህ ዳዊቱም...” አለ አጎቴ።

“ዳዊቱ ያንተ ነው” አልኩት። “ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ነጋዴው ለማን እንደሚሸጠው ጠይቀኸዋል?”

አልጠየቀውም።

በሌላ ጊዜ ስመለስ መቅደላ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ዳዊቱም በማኅደሩ ሆኖ ከሥሯ ተንጠልጥሏል። የልጅቱስ ክፍያ? ብዬ ጠየቅኩ። አንዱን በሬ ሸጦታል። ዘንድሮ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል።