ሥዕል ከመቅደስ ወደ ቤተ መዘክር፤ የጎጃም ሰው በጐበኘ ጊዜ

ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ታላቁን ቤተ መዘክር ሳያይ አይመለስም። ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲዘዋወር ውሎ እግሩ ሲደክመው ይወጣል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከደብረ ማርቆስ ወይም ከቢቸና የተነሣ ሰው በዚያ ቤት የአገሩን ሥዕል ቢያገኝ የሚያየው ምንድን ነው? የሚጐድልበትስ? የሚል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ነው።

በጎጃም ቤተ መዘክር የሚባል ነገር ሳይታወቅ ሥዕል ማየት ይታወቅ ነበር። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፤ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ሥዕሉ የሚገኘው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በሸማ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ይገባል። በመቅደሱ በር ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይቀበሉታል። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡ ግን በአንድ ዓይኑ ስለሚሣል፣ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ አይስተውም። ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ የሚታየው ሰው ሥዕሉን ያሣለው ነው፤ ስሙም በአጠገቡ ይጻፋል። ስለዚህ ግድግዳው መጽሐፍም መዝገብም ነው፤ የሚነበበውም በመዞር ነው።

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ስላሠሩ ከተማዋ በዚሁ ስም ተጠራች። በቤተ ክርስቲያኑም የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክና የሰማዕታት ገድል ተሥሏል። የጎጃምን ታሪክ የጻፉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራም ሠዓሊ ነበሩ። በደብረ ወርቅ ማርያም ያለችው ሥዕል ደግሞ ቅዱስ ሉቃስ የሣላት ናት ተብላ ትከበራለች። ወደ እርስዋ የሚሄድ ሰው ሊሳለም እንጂ ሊጐበኝ አይሄድም።

ጎጃም ከአውሮፓ ሥዕል ጋር የተዋወቀችው በልጆችዋ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ በታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ወደ ኢጣልያ አገር ተልከው በቶሪኖ ከተማ ሥዕል ተምረው ነበር።

እሳቸው በተወለዱበት ዓመት የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን ሀብት ዘርፎ ወሰደ። ከዚያ ምርኮ ሁለት ዘውዶች በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ተቀመጡ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጐበኙ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ አብረዋቸው ነበሩ። በዚያ ጕብኝት ምክንያት ከብር ተሠርቶ ወርቅ የተቀባው ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመለሰ፤ የወርቁ ግን እዚያው ቀረ።

አውሮፓም በፈንታዋ ወደ እኛ መጣች። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1921 ዓ.ም. በራስ ኃይሉ ግዛት በጎጃም ተቀምጦ ጥናት አደረገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘውን ቡድን እየመራ ጎንደር ገባ። በዚያም ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ባሠሩት በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበረው አሮጌ ሥዕል ከግድግዳው ተነሥቶ፣ በምትኩ ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራው ቅጂ ተለጠፈ። ዋናው ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ዛሬም የሚገኘው በ1998 ዓ.ም. በተከፈተው በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ነው።

እንግዲህ የጎጃም ሰው ፓሪስ ደርሶ ይህን ሥዕል ቢያገኝ ቅዱሳኑን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። የሚያጣው መቅደሱን ነው። የሚዞረው ነገር የለም፤ በር የሚጠብቁት መላእክትም የሚጠብቁት በር የላቸውም።

ይህን ስንል ቤተ መዘክርን መንቀፋችን አይደለም። የሣር ክዳን ሲያፈስ ዝናሙ ሸማውን ያበሰብሰዋል፤ የዕጣንና የጧፍ ጢስ ቀለሙን ያጠቁረዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስም አሮጌው በአዲስ ይተካል። በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የአገራችንን ሥዕል እየፈለጉ ማሰባሰባቸው ስለዚህ ታላቅ ውለታ ነው። ዛሬ በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ሥዕሎቹን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ቤተ መዘክር ሥዕልን ሊያኖር ይችላል እንጂ ሥፍራውን ሊያኖር አይችልም። ሥፍራውን የሚያድነው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚወርድ ተማሪ የአጥቢያውን አለቃ አስፈቅዶ፣ የትኛው ሥዕል በምሥራቅ፣ የትኛው በምዕራብ፣ የትኛው በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ እንዳለ ይመዝግብ፤ ቁመቱንና ወርዱን ይለካ፤ ያሣለውን ሰው ስም ይገልብጥ። ይህ ሥራ ከእርሳስ፣ ከደብተርና ከሜትር በቀር ብዙ አይጠይቅም። ሳይመዘገብ የፈረሰ ግድግዳ ግን በለንደንም በፓሪስም አይገኝም።