ከመተማ በር እስከ ዴር ሡልጣን፦ በባዕድ አገር ያረጁ ተሳላሚዎች በዓል

የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ገንዳ ውሃና ከእርሷ በስተምዕራብ በሱዳን ድንበር ላይ የምትገኘው መተማ ዮሐንስ ዛሬ በሰሊጥ፣ በጥጥና በድንበር ንግድ ቢታወቁም፣ ይህ ቆላ ለብዙ ዘመን የሁለት ሃይማኖቶች የመንፈሳዊ ጉዞ መንገድ ነበር። ከጎንደር ተነሥተው በሰናርና በግብፅ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ክርስቲያን ተሳላሚዎች፣ ማለትም ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም የሚጓዙ ምእመናን፣ በዚህ በር ሲወጡ፣ ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር የመጡ ሙስሊም ሐጃጆች ደግሞ በዚሁ በር ገብተው በጎንደርና በምጽዋ አድርገው ወደ መካ ያልፉ ነበር። ከሁለቱም ወገን ወደ ትውልድ አገራቸው ሳይመለሱ በሰው አገር ያረጁ ብዙዎች ናቸው፤ እነዚህ አረጋውያን የአገራቸውን በዓል እንዴት ለማክበር እንደቻሉ የሚመረምር ሰው ደግሞ ከናፍቆታቸው አስቀድሞ የሚያገኘው የይዞታን፣ የገቢንና የመብትን ታሪክ ነው።

ተክሩሮች የሚባሉት ሐጃጆች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከመንገዳቸው ቀርተው በመተማና ከድንበሩ ማዶ ባለችው በገላባት አካባቢ መስፈር ጀመሩ። የራሳቸው ሼህ ነበራቸው፤ ግብፅ ሱዳንን ከያዘች በኋላም ለኢትዮጵያ ገዦችና ለግብፅ ሹማምንት በአንድነት እየገበሩ ገበያቸውንና ማኅበራቸውን ጠብቀው ኖረዋል። ሁለት ጊዜ መገበር ከባድ ሸክም እንደነበረ ባይካድም፣ ዒዱን በራሱ ሼህ ሥር፣ በራሱ ሰዎች መካከል እንዲያከብር ለተክሩሩ ሽማግሌ ዋስትና የሆነው ይኸው ግብር ነበር ማለት ይቻላል።

የክርስቲያኑ ተሳላሚ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። በቀድሞው ሥርዓት ዕድሜው የገፋ ሰው፣ በተለይም የትዳር ጓደኛው የሞተበት፣ ርስቱን ለልጆቹ አውርሶ፣ መንኩሶና ቆብ ደፍቶ ቀሪ ዘመኑን በገዳም መፈጸሙ የተለመደ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል አቅምና ድፍረት ያላቸው ኢየሩሳሌምን መጨረሻቸው ያደርጉ ነበር። እዚያም የሚጠብቃቸው ዋናው መጠለያ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሚገኘው ዴር ሡልጣን ነው፤ ይህ ገዳም ጠባብ የመነኮሳት ጎጆዎችና የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤቶች ያሉበት ይዞታ ነው።

በ1830 ዓ.ም. ግድም ኢየሩሳሌምን የመታው ወረርሽኝ የኢትዮጵያውያኑን ማኅበር ከሞላ ጎደል ፈጀው። ሰነዶቻቸው ተቃጠሉ፣ የጸሎት ቤቶቹ ቁልፍም በግብፃውያን ቅብጦች እጅ ገባ። ይህ የቁልፍ ጉዳይ ከሩቅ ለሚመለከተው የመነኮሳት ጥል ቢመስልም፣ በጎንደር ደብሮች ሲያስቀድስና ሲያሸበሽብ ኖሮ በስተርጅናው እዚያ ለደረሰ ሰው ግን የበዓሉ ህልውና ማለት ነበር፤ ቁልፍ የሌለው ማኅበር ማሕሌቱን የሚቆመው ሌላው ሲፈቅድና በር ሲከፍትለት ብቻ ነውና። ከዚያ በኋላ መነኮሳቱ ከአርመኖች በሚሰጣቸው ምግብ እየኖሩ፣ ቀደም ሲል በጎንደር በሚሲዮናዊነት የቆየውንና በኋላ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የሆነውን ሳሙኤል ጎባን ከለላ እስከ መጠየቅ ደረሱ።

መፍትሔው የመጣው ከነገሥታቱ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ የግብፅን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ፣ ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ መሬት ተገዝቶ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ አደረጉ፤ ሥራው የተፈጸመው ግን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፣ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ወድቀዋልና። የዮሐንስን ስም የያዘችው የድንበር ከተማ የሞታቸው መታሰቢያ ስትሆን ደብረ ገነት የሥራቸው መታሰቢያ መሆኗ፣ ሁለቱም በአንድ የተሳላሚዎች መንገድ ጫፍና ጫፍ ላይ መገኘታቸው፣ በዚህ ቆላ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የተነገረ ነገር ነው። ቆይተውም እቴጌ ጣይቱ፣ ንግሥት ዘውዲቱና መኳንንቱ በኢየሩሳሌም ቤቶችን አሠሩ፤ ከእነዚህም የሚገኘው ኪራይ ለመነኮሳቱ ቀለብና ለበዓላት ወጪ ይውል ስለነበር፣ የዛሬው ዘመን ሰው ጡረታ የሚለውን ድጋፍ የሚተካ ቋሚ ገቢ ሆነ።

በአንድ ነገር ግን የኢየሩሳሌም አረጋውያን ታድለው ነበር። ገና ታኅሣሥ 29፣ መስቀልም መስከረም 17 ሲከበር፣ በዚያች ከተማ ግሪኮቹና ቅብጦቹ በየራሳቸው አቆጣጠር በዚያው ዕለት ያከብራሉ፤ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ የሚወጣው ፋሲካም ከእነርሱ ፋሲካ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ በዓሉን የሚያከብረው አብዛኞቹ የከተማዋ የምሥራቅ ክርስቲያኖች በሚያከብሩበት ቀን ነው። በቅዳም ሥዑር ሌሊት በዴር ሡልጣን ድንኳን ተተክሎ፣ ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል እየዘመሩ የቅድስት እሌኒን ጸሎት ቤት ጉልላት ይዞራሉ። በሚያዝያ 1962 ዓ.ም. የፋሲካ ሌሊት ቅብጦቹ በጸሎት ላይ ሳሉ የእስራኤል ፖሊስ የጸሎት ቤቶቹን መቆለፊያዎች ለውጦ ቁልፎቹን ለኢትዮጵያውያን ሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለቅብጦቹ ቢፈርድም የመጨረሻው ውሳኔ ለመንግሥት ተትቶ ይዞታው እስካሁን ሳይለወጥ ቆይቷል። ዛሬ በአሜሪካ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ወላጆች ግን በዓላቸውን ከአካባቢያቸው ጋር በአንድ ቀን የማክበር ዕድል የላቸውም፤ እንቁጣጣሽ በሥራ ቀን ሲውል ቅዳሴው በዕለቱ ቢደርስም፣ ቤተሰቡ የሚሰበሰብበት ድግስ ብዙ ጊዜ ወደ ቅዳሜና እሑድ ይገፋል።

በመተማ በር የሚወጣው መንገድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የስደት መንገድ ሆነ። በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኅብረት፣ መተማንና ሁመራን ይዞ ከተሸነፈ በኋላ ብዙ የጎንደር ሰዎች ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ተሻገሩ። ከእነርሱ መካከል በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጥ በኋላም ሳይመለሱ እዚያው ያረጁ ሲኖሩ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚሸሹ ሱዳናውያን ጋር በመተማ በኩል ተመለሱ። በኩመርና በአውላላ የስደተኞች ጣቢያዎች ተጠልለው የነበሩት ሱዳናውያን አዛውንቶች የደረሱበት አገር ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ በዓላት ሆነው የሚከበሩበት ነው፤ ቀኑን ሕጉ ሰጥቷቸዋል፣ ነገር ግን ጣቢያዎቹ በታጣቂዎች ጥቃት ሲናወጡ ስለቆዩ፣ ተክሩሮቹ በግብር ያገኙት የነበረውን ጥበቃ ዛሬ የመስጠቱ ግዴታ በተቀባዩ መንግሥትና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ላይ የወደቀ ነው።