ማርሽ ቀያሪው

ሰሞኑን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሲያዘግም አንዱ ተሳፋሪ «ኧረ ሾፌር፣ እንደ ምሩፅ ቀይረው!» አለ። ሳቅን። ከጎኔ የነበረው ተማሪ ግን «ምሩፅ ማነው?» ሲል ጠየቀኝ። የነገርኩትን እነሆ።

ምሩፅ ይፍጠር የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ። ለ5 ሺህ ሜትሩ ማጣሪያ ግን በሰዓቱ አልደረሰም፤ ምክንያቱ እስካሁን በብዙ መልክ ይተረካል። አገሩ ሲመለስ የጠበቀው እስር ቤት ነው። ሕግ ተምሬያለሁ፤ ለውድድር ማርፈድን ወንጀል የሚያደርግ አንቀጽ ግን አላጋጠመኝም።

በ1965 ዓ.ም. ሌጎስ ላይ በመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በ10 ሺህ ወርቅ፣ በ5 ሺህ ብር ወሰደ። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ በመሳተፏ ምክንያት ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ራሳቸውን ሲያገሉ ሌላ ዕድል አመለጠው።

በአሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ዘመን፣ ሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ 10 ሺውን በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ፣ 5 ሺውን በ13 ደቂቃ ከ20.9 ሰከንድ አሸነፈ። ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ሲቀረው በድንገት ይፈተለክ ነበር፤ ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በካናዳ፣ ቶሮንቶ አረፈ። ያሳሰሩትን ሰዎች ስም ዛሬ የሚጠራ የለም፤ የእሱ ግን ታክሲ ውስጥ ይጠራል። ስሙን የሚጠራው ትውልድ ያሳለፈውንም ቢያውቅ መልካም ነው።