«ሐና» ወይስ «ሀና»? ጽሑፍን በጋራ ስናርም

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያለው አንድ ሠፈር «ሐና ማርያም»፣ «ሃና ማርያም»፣ «ሀና ማርያም» እየተባለ ይጻፋል። «ጎፋ»ም «ጐፋ» የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድን ሪፖርት ሦስት ሰዎች ሲያርሙት አንዱ ያስተካከለውን ሌላው መልሶ የሚለውጠው በእንዲህ ያሉ ፊደላት ነው።

የግዕዙ ሥር ይጠበቅ የሚሉ ወገኖች «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሰው ያላየውን ወሰደ ማለት መሆኑን ያስታውሳሉ። ይቀነሱ ባዮች በአማርኛ ድምፁ አንድ ነው ይላሉ። ኮምፒዩተር ግን አንድ አያደርጋቸውም፤ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያካትት ለእያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ሰጥቷል። ስለዚህ «ሀና» ብሎ የፈለገ ሰው «ሐና» ተብሎ የተቀመጠውን ፋይል ላያገኝ ይችላል።

እኔ የምመክረው የሚከተለውን ነው፦

1. የሰውና የድርጅት ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ። መታወቂያዋ ላይ «ሠናይት»፣ ውሉ ላይ «ሰናይት» የተባለች ሴት አንድ ሰው መሆኗን አስረጂ ልትባል ትችላለች።
2. ለሌላው ቃል አንድ መዝገበ ቃላት ይመረጥ።
3. ለዝርዝር ነጠላ ሰረዝ (፣)፣ ለተያያዙ ዐረፍተ ነገሮች ድርብ ሰረዝ (፤) ይሁን።
4. ውሳኔው በአንድ ገጽ ይጻፍ። ባልተጻፈው ላይ የመጀመሪያው ጸሐፊ ምርጫ ይጽና።

ከሁለቱ አጻጻፍ የትኛውም ቢመረጥ ጽሑፉ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ሲገኙ ነው።