ከሁሩሙ እስከ ስድስት ኪሎ፦ የቃልና የዜማ ሰብሳቢዎች ዜና መዋዕል

በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ሶርና ገባ የተባሉት ወንዞች በሚያጠጡት በኢሉባቦር ምድር፣ መቱና ጎሬ፣ ኡካና ሁሩሙ፣ ያዮና በደሌ በቡና ደን ተከበው ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዷ በሆነችው፣ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሁሩሙ፣ በ1856 ግድም ሂካ የተባለ ሕፃን ተወለደ፤ አባቱም አዋጂ ይባል ነበር። (በዚህ ዜና የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተመለከተ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕፃኑም ገና በለጋ ዕድሜው በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወድቆ፣ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ ነሲብ የሚል ስም ወጥቶለት ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያም በ1870 ነፃ ወጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተሰጠ፤ በ1872 ሲጠመቅም ኦኔሲሞስ ተባለ።

ስለ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብና የኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት አለቆች የሚጻፍ ዜና በባርነት ከተወሰደ ልጅ መጀመሩ ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ በኋለኛው ዘመን በዩኒቨርሲቲው ግቢ የታየው ሥራ፣ ማለትም በየአገሩ ተበትኖ የኖረውን ቃልና ዜማ በአንድ ቤት ሰብስቦ አዲስ ሥራ ማውጣት፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተሠርቶ ነበር፤ የሥራውም መሪ ይኸው የሁሩሙ ልጅ ነበሩ።

ኦኔሲሞስ በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ከተመለሱ በኋላ በሱዳን በኩል ወደ ትውልድ ምድራቸው ለመግባት ሞከሩ፤ ነገር ግን መንገዱ አልቀናቸውም። በሩ ሲዘጋባቸው ወደ ጽሕፈት ፊታቸውን መለሱ፤ በ1886ም የመዝሙር መጽሐፍ በኦሮምኛ አወጡ። መጽሐፍ ቅዱስን ለመተርጐም በተነሡ ጊዜ ግን ለመሪ ሁሉ የሚከብደውን ነገር ማመን ነበረባቸው፤ ከአገራቸው በሕፃንነት ስለ ተወሰዱ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለዚያን ያህል ሥራ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ከባርነት ነፃ ከወጡት ኦሮሞዎች መካከል ቋንቋውን በሙላት የሚያውቁትን ወደ ሥራው አስገቡ። ከእነዚህ ሁሉ የላቀችው አስቴር ጋኖ ነበረች፤ እርሷም በሊሙ እናርያ ንጉሥ ዘንድ ባሪያ ሆና የኖረች፣ ለዐረብ አገር ገበያ በባሕር ስትወሰድ በ1886 በጣሊያን መርከቦች ተይዛ ነፃ የወጣችና ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ነበረች።

አስቴርም ከትዝታዋ 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈረች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪዎች በተዘጋጀው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተሙ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በግእዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅድስት ክሪስቾና ታትሞ ወጣ። በርዕሱ ገጽ ላይ ያለው ስም የኦኔሲሞስ ሲሆን፣ በትርጕሙ ውስጥ ያለው የአስቴር ድርሻ ግን የርዕሱ ገጽ ከሚያሳየው እጅግ የሰፋ ነበር። በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ ተመልሰው በቦጂ፣ ኋላም በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፍተው አስተማሩ፤ ከካህናቱም ክስ መጥቶባቸው ኦኔሲሞስ እንዳይሰብኩ ታግደው ቆዩ፤ በ1931ም በነቀምቴ ዐረፉ። አስቴር ግን እስከ 1964 ኖሩ።

አስቴር ገና በሕይወት ሳሉ፣ በአዲስ አበባ ሌላ የሰብሳቢዎች ቤት ተሠራ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን በሰጡት ጊዜ፣ ከዚያ ቀደም መኳንንት ይገቡበት የነበረው የስድስት ኪሎ ግቢ የተማሪዎች መዋያ ሆነ። በኮሌጁ ዘመን የተማሪዎች የግጥም ውድድር በየዓመቱ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይካሄድ ነበር፤ በ1961ም ታምሩ ፈይሳ «ደኻው ይናገራል» የሚለውን ግጥም ባነበበ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ደነገጠ። ግጥም በአለቃ ፊት የሚያደርሰውን መዘዝ ሁሉም በዚያን ቀን አየ፤ ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ሲቋቋም፣ ተውኔትና ሙዚቃ በሕግ የተፈቀደላቸው ቤት ማግኘታቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

ማዕከሉን በ1963 ያቋቋሙት የቴአትር መምህር የነበሩት አሜሪካዊው ፊሊፕ ካፕላን ናቸው። በዚያው ዓመት፣ በዩኒቨርሲቲው ያስተምሩ የነበሩት የግብፅ ተወላጅ የሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል ዳብ፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ኤል ዳብ ለዚህ ሥራ እንግዳ አልነበሩም፤ ገና በ1944 በካይሮ ሳሉ ድምፅን በሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሰው የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀርጸው፣ ድምፁንም በልዩ ልዩ መንገድ ለውጠው አዲስ ሙዚቃ አድርገውት ነበር፤ ይህም በተቀረጸ ድምፅ ከተቀመሩት የዓለም ሥራዎች መካከል ከመጀመሪያዎቹ ይቆጠራል። በ1958ም ለታዋቂዋ የዳንስ ባለሙያ ለማርታ ግራሃም ሙዚቃ ደርሰው ስማቸው ወጥቶ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ የምዕራቡን ፒያኖና ቫዮሊን ከማስተማር ይልቅ የአዝማሪውን መሰንቆ መፈለጉ የማዕከሉን ታሪክ ለወጠው።

ኦርኬስትራው ምን ያህል አስቸጋሪ ሥራ እንደ ነበረ ለመረዳት የመሣሪያዎቹን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። በዐሥር አውታር የሚደረደረው በገና በጾም ወራት በቤት ውስጥ ለጸሎት የሚመታ፣ መኳንንትና ካህናት ይይዙት የነበረ መሣሪያ ነው፤ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ያለው መሰንቆ ግን የአዝማሪ፣ የጠጅ ቤትና የሠርግ ነው፤ መለከት የጌቶችን መምጣትና አዋጅን ያሰማ የነበረ፣ እምቢልታም ብዙ ጊዜ ሦስት ሆኖ እየተቀባበለ የሚነፋ፣ አንዱ ያለ ሌሎቹ ዜማ የማይሞላለት የክብር መሣሪያ ነው፤ ዋሽንት የእረኛ ነው። እነዚህ በአንድ መድረክ ተቀምጠው በአንድ ጊዜ መደርደራቸው የማዕረግና የልማድ አጥርን መዝለል ነበር። በዚህ ላይ የድምፅ ጉዳይ ነበረ፤ ክራርና መሰንቆ አውታራቸው በዘፋኙ ጕሮሮ ልክ ይከረራል፣ የዋሽንት ቀዳዳ ግን አንዴ ከተበሳ ቃናው አይለወጥምና ነፊው ለየቅኝቱ ሌላ ዋሽንት ይይዛል። ቅኝት ማለት ዜማው የሚቆምበት የድምፆች ሥርዓት ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የታወቁት ናቸው። ቡድኑን የሚመራ ሰው በወረቀት ላይ የተጻፈ ኖታ ለማያነቡ፣ ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ለመጡና ቁጥራቸው እስከ 30 ለሚደርስ ባለሙያዎች አንድ መነሻ ድምፅ መስጠት ነበረበት።

እርግጥ ነው፣ የባህል መሣሪያዎች በዘመናዊ መድረክ ላይ ሲታዩ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከዚያ ቀደም አዝማሪዎችን በመድረኩ አሰልፎ ነበርና፣ ሁሉንም ነገር ከዩኒቨርሲቲው የሚጀምሩ ጸሐፊዎች የአገር ፍቅሮችን ድካም ያሳንሳሉ። የኦርኬስትራው አዲስነት በሌላ ነው፤ መሣሪያዎቹ የዘፋኝ አጃቢ መሆናቸው ቀርቶ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ድርሰት መሥራቱና ሥራውም በትምህርት ቤት ውስጥ እንደ ጥናት መያዙ ነው።

ኤል ዳብ በ1964 ሲሄዱ፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባል ጆን ኮ እስከ 1966 ቡድኑን መሩ፤ ከዚያም አመራሩ ለተስፋዬ ለማ ተሰጠ። የተስፋዬ ዘመን ረጅሙና ፍሬ የበዛበት ነው። የባህል ዘፈኖችን ለመድረክ እያዘጋጁ፣ ራሳቸውም እየደረሱ፣ ቡድኑን እስከ መጨረሻው መሩት። ከባለሙያዎቹ አንዱ መሰንቆ መቺው ጌታመሳይ አበበ ነበሩ፤ ከእርሳቸውም የሰላም ጓድ አባሉ ቻርልስ ሰተን መሰንቆ ተምረው የቡድኑ አባል ሆኑ፤ በ1969 ብሉ ናይል በሚል ስም በአሜሪካ በተደረገው ጉዞ፣ ሚሊዮኖች በሚያዩት በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረቡ። ፈረንጅ መሰንቆ ሲመታ ማየት ለአሜሪካ ተመልካች መዝናኛ ይሆን እንደ ነበር መገመት ይቻላል፤ ለአዝማሪው ሙያ ግን፣ ለዘመናት «አዝማሪ» ተብሎ የተናቀ ሰው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሊሆን እንደሚችል ማሳየቱ የበለጠ ዋጋ ነበረው።

የቴአትሩን ወገን በተመለከተ፣ በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ተስፋዬ ገሠሠ ማዕከሉን መርተዋል፤ በኋላም በብሔራዊ ቴአትር አስተዳዳሪነት አገልግለዋል። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ ገና ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ነበር፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ያስተማሩትም በዚያ ነው።

ከዚህም በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። በ1974 መጨረሻ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ክፍላተ ሀገር ሲላኩ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ በ1975ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ፈረሰ። ተስፋዬ ለማ በኋላ ወደ ዋሽንግተን ተሰደው፣ በዚያም ኖረው በ2013 ዐረፉ። በ1978 ግን በዩኒቨርሲቲው የቴአትር ጥበባት ክፍል ተከፈተ፤ ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማም በዚያ አስተማሩ።

ሌላው የመሪነት ሐረግ የበቀለው በባሕር ማዶ ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው፣ የጥቁር አሜሪካውያን ታላቅ ትምህርት ቤት የሆነው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለተሰደደው የኢትዮጵያ ጥበብ ሁለተኛ ስድስት ኪሎ ሆኖለት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤል ዳብ ከ1966 እስከ 1969 በዚያ አስተማሩ፤ እስክንድር ቦጎሲያን ከ1972 ጀምሮ ሥዕል አስተማሩ፤ ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ ፊልም አስተማሩ፤ በ2008ም «ጤዛ» በተባለው ፊልማቸው በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኙ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት፣ ማለትም ጋዜጠኝነት፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ፊልም በሚሰጥበት ክፍል፣ ለረጅም ዓመታት ፊልም ያስተማሩት ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ ነበሩ።

የአብይ ፎርድ አባት አርኖልድ ፎርድ የባርቤዶስ ተወላጅ፣ በኒው ዮርክ የመዘምራን አለቃ፣ የማርከስ ጋርቪ ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ የዘመረው መዝሙር ከደራሲዎቹ አንዱ ሲሆኑ፣ በ1930 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በ1935 እዚሁ ዐረፉ፤ እናታቸው ሚኞን ፎርድ ደግሞ የልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት መሥራች ናቸው። አዲስ አበባ የተወለዱት ልጅ ከሃዋርድ ተመልሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት ዲን ሆኑ፤ ዲን ማለት የአንድ ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ የበላይ ኃላፊ ነው። የዘማሪ ልጅ የጋዜጠኞች አለቃ መሆኑ በዚህ ዜና ውስጥ ተፈላጊ ነው፤ ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ወሬ ነጋሪው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጥበብ ነጋሪው ደግሞ የመድረክ ሰው እየተባሉ ተለያይተው ኖረዋልና፣ ከፊልም ሙያ የመጣ ሰው የኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት ሲመራ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ፕሮፌሰሩ በ2018 ዐረፉ። በዚያው ዘመን የሥነ ጥበብና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ወደ ዩኒቨርሲቲው ተጠቃለው ነበር፤ የሥነ ጥበቡ ትምህርት ቤት የአለ ፈለገ ሰላምን፣ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ያቀፈው ኮሌጅም የእስክንድር ቦጎሲያንን ስም ይዘዋል።

በኢሉባቦር ደግሞ በ2004 ዓ.ም. መቱ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ጀመረ፤ በበደሌም ሌላ ግቢ አለው። ኦኔሲሞስ በተወለዱበት ምድር ዩኒቨርሲቲ ሲቆም፣ የሰብሳቢነቱ ሥራ ሁለት ነገር ተገልብጦ ይጠብቀዋል። አስቴር እንቆቅልሹንና ዘፈኑን የጻፉት ከአገራቸው ርቀው ከትዝታቸው ሲሆን፣ የመቱ ተማሪ ግን ዘፋኙንና ተረት ነጋሪውን በኡካ፣ በጎሬና በሁሩሙ ገበያ ቀን ያገኘዋል፤ ኤል ዳብ የተዋሱት ሽቦ መቅረጫ በስልክ ተተክቶ በእያንዳንዱ ተማሪ ኪስ ይገኛል። ስለዚህ በመቱ ቀረጻ የሚያስጀምር አለቃ መጀመሪያ የሚያሰናዳው መዝገብ ነው፤ በመዝገቡም ላይ ዘፈኑ የተቀረጸበት ቀንና ቀበሌ፣ የዘፋኙም ሙሉ ስም ከቀራጩ ስም አስቀድሞ ይሰፍራል።